አዲሱ የጭነት መኪና ዋስትናውን እንዳያጣ፦ የሞተር ዘይት አመራረጥ

አዲስ የጭነት መኪና ሲረከቡ ከቁልፉና ከሊብሬው ጋር ሁለት ደብተሮች ይሰጥዎታል። አንዱ የአጠቃቀም መመሪያ ነው፤ ሌላው ዋራንቲ የምንለው የዋስትና ደብተር። ሞተሩ በዋስትናው ጊዜ ውስጥ ቢበላሽ ሻጩ ድርጅት ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ዘይት ስትጠቀሙ ነበር? ደረሰኙስ?» ብሎ ነው። ተርቦ ቢነክስ፣ ብሮንዚን ቢበላ፣ ፋሻ ቢጣበቅ ጥያቄው ያው ነው። እነዚህ ጉዳቶች ከፋብሪካ ጉድለትም ከተሳሳተ ዘይትም ሊመጡ ይችላሉ። የዘይቱን ታሪክ በወረቀት ማሳየት ያልቻለ ባለንብረት ጥርጣሬው እሱ ላይ ያርፋል፤ መኪናው በባንክ ብድር የተገዛ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ተፈቶ ጋራዥ በተኛበት ወር ሁሉ ወለዱ ይቆጥራል።

ዋስትናን የሚጠብቀው ውድ ዘይት አይደለም፤ ስሙ የታወቀ ዘይትም አይደለም። የሚጠብቀው የመኪናው አምራች በደብተሩ ላይ በቁጥርና በፊደል የጻፈውን መለኪያ የሚያሟላ፣ በጊዜው የተቀየረ፣ በወረቀት የተመዘገበ ዘይት ነው። ባለንብረቶች ሰርቪስ ሲያሠሩ ይጠነቀቃሉ። መዝገቡ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሰርቪስ መካከል፣ ቆላ ላይ፣ ሹፌሩ ካገኘው ሱቅ ገዝቶ በሚጨምረው ጥቂት ሊትር ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ባለንብረቱ ብቻ ሳይሆን ሹፌሩም ቢያነበው እወዳለሁ።

መጀመሪያ፦ መለኪያውን ከደብተሩ ያውጡ

የመመሪያውን የቅባትና የዘይት ሰንጠረዥ ይክፈቱ። መመሪያው ብዙ ጊዜ ለብዙ አገርና ለብዙ ሞተር በአንድ ላይ የታተመ ስለሆነ፣ ሰንጠረዡን ከማንበብዎ በፊት የእርስዎን ሞተር ሞዴል ሞተሩ ላይ ከተለጠፈው ሰሌዳ ይገልብጡ። አንድ ዓይነት ካቢና ያላቸው ሁለት መኪናዎች በጭስ ልቀት ደረጃ አንዱ የዩሮ 2፣ ሌላው የዩሮ 5 ሞተር ሊኖራቸው ይችላል። ዘይታቸውም ይለያያል። «የጎረቤቴ መኪናም ይኸው ነው» ብሎ የጎረቤትን ዘይት መከተል የሚያሳስተው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሰንጠረዡ የሚፈልጉት ሦስት ነገር ነው። አንደኛው የውፍረቱ ቁጥር ነው፤ ለምሳሌ 15ደብሊው-40። ሁለተኛው የደረጃው መለያ ነው፤ ለምሳሌ ኤፒአይ ሲአይ-4 ወይም አሴአ ኢ7። ሦስተኛው ደግሞ አምራቹ በራሱ ስም ያወጣው መለኪያ ነው፤ ቮልቮ ቪዲኤስ-3 ወይም ቪዲኤስ-4.5፣ መርሰዲስ ቤንዝ ኤምቢ 228.3 ወይም 228.5፣ ማን ኤም 3275 ወይም ኤም 3277፣ ስካንያ ኤልዲኤፍ-3፣ ካሚንስ ሲኢኤስ 20078 ወይም 20081 ሲሉ ይጽፋሉ። የጃፓን መኪናዎች ብዙ ጊዜ ጃሶ ዲኤች-1 ወይም ዲኤች-2 ይላሉ። ሦስተኛውን መለኪያ የማይጽፉ አምራቾችም አሉ፤ ከተጻፈ ግን ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ደብተሩ በቻይንኛ ብቻ ከሆነ ወይም ካልተሰጠዎት፣ መኪናውን ከመረከብዎ በፊት ሻጩ የሞተሩን ዘይት መለኪያና የመቀየሪያውን ኪሎ ሜትር በደብዳቤው ላይ ጽፎ በማኅተም እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ክፍያው ከተጠናቀቀ በኋላ ይህን ወረቀት ማግኘት ይከብዳል።

በዚያው አጋጣሚ አንድ ጥያቄ በጽሑፍ ያስመልሱ፦ ዋስትናው የሚጠይቀው መለኪያውን ነው ወይስ የተወሰነ ምርት? አንዳንድ ሻጮች በዋስትናው ዘመን ሰርቪሱ በእነሱ ጋራዥ፣ በእነሱ ዘይት እንዲሆን በውሉ ላይ ይጽፋሉ። ይህ ከፈረሙበት ውል ውስጥ ካለ ይከተሉት፤ ሌላ ዘይት የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን መከራከሪያ መፍጠር አያስፈልግም። ውሉ ላይ ከሌለና የሽያጭ ሠራተኛው በአፉ ብቻ የተናገረው ከሆነ ግን የሚገዛው መለኪያው ነው።

ጣሳው ላይ የተጻፈውን ማንበብ

የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት፣ በአጭሩ ኤፒአይ፣ እ.ኤ.አ. በ1919 የተቋቋመ ነው። ፈቃዱን ያገኙ ዘይቶች ጣሳቸው ላይ ክብ ምልክት አለ፤ በላይኛው ግማሽ ክብ ደረጃው፣ መካከሉ ላይ የውፍረቱ ቁጥር ይጻፋል። ደረጃው በኤስ የሚጀምር ከሆነ ለቤንዚን ሞተር፣ በሲ የሚጀምር ከሆነ ለናፍጣ ሞተር ነው። ሁለቱም በአንድ ጣሳ ላይ ሊጻፉ ይችላሉ፤ ለእርስዎ የሚያስፈልገው የሲው ነው።

የናፍጣው ደረጃ በፊደል ተራ እየገፋ ይሄዳል። ሲኤፍ-4 የ1990 ነው፤ ሲኤች-4 የ1998፣ ሲአይ-4 የ2002፣ ሲጄ-4 የ2006፣ ሲኬ-4 የ2016፤ ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር። ኤፒአይ ሲኤፍ-4ን እና ከእሱ በፊት የነበሩትን ጊዜ ያለፈባቸው ብሎ መዝግቧቸዋል። ሱቅ ውስጥ ሲዲ ወይም ሲኤፍ-4 የተጻፈበት ርካሽ ጄሪካን ቢያዩ ለወፍጮ ወይም ለአሮጌ የውሃ ፓምፕ ሊሆን ይችላል፤ ዋስትና ላለው መኪና ግን ደብተሩ ራሱ ካላዘዘው በቀር አይሆንም።

ሲኬ-4 ወደ ኋላ ይሠራል፤ ሲጄ-4፣ ሲአይ-4 እና ሲኤች-4 የተጠየቀበት ቦታ ሊገባ ይችላል። በ2016 አብሮት የወጣው ኤፍኤ-4 ግን እንዲህ አይደለም። ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ ሞተሩ ሲግልና ሲጨነቅ ቀጠን እንዲል የተሠራ ነው፤ የታሰበውም ለእሱ ተብለው ለተነደፉ አዳዲስ ሞተሮች ብቻ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ጣሳ ላይ ኤፍኤ-4 ካዩና ደብተርዎ በስሙ ጠቅሶ ካልፈቀደው አይግዙት።

አሴአ የአውሮፓ መኪና አምራቾች ማኅበር ነው። የከባድ መኪና ደረጃዎቹ በኢ ይጀምራሉ፤ ኢ4፣ ኢ6፣ ኢ7፣ ኢ9። እ.ኤ.አ. በ2022 ኢ6 በኢ8፣ ኢ9 በኢ11 ተተክተዋል፤ የድሮው ደብተርዎ ኢ9 ቢልና ጣሳው ኢ11 ቢል አይደናገጡ።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ሳያስተውል የሚያልፈው ነገር። ጣሳው ጀርባ ላይ «ያሟላል» ወይም «ለዚህ መለኪያ ተስማሚ ነው» የሚል ጽሑፍ የዘይት አምራቹ የራሱ ቃል ነው። «የጸደቀ» የሚለው ግን የመኪናው አምራች መርምሮ ስምምነቱን ሰጥቷል ማለት ነው። በክርክር ጊዜ የሁለቱ ክብደት ለየቅል ነው። መርሰዲስ ቤንዝ ያጸደቃቸውን ዘይቶች ዝርዝር በኢንተርኔት በይፋ ያወጣል፤ ኤፒአይም ፈቃድ የሰጣቸውን ምርቶች የሚፈልጉበት መዝገብ አለው። በስልክ ጥቂት ደቂቃ ወስዶ የዘይቱን ስም መፈለግ ቀላል ነው።

ደረጃው ብቻ የማይበቃበት ጊዜም አለ። ሲኬ-4 ገበያ በወጣ ሰሞን ፎርድ አንዳንዶቹ ዘይቶች ፎስፈረሳቸው አንሶ የናፍጣ ሞተሩን ከመበላት በበቂ አይጠብቁትም ብሎ፣ ደብሊውኤስኤስ-ኤም2ሲ171-ኤፍ1 የሚባል የራሱን መለኪያ አወጣ። ሲኬ-4 የሚል ክብ ምልክት ያለው፣ ነገር ግን ይህን መለኪያ የማያሟላ ዘይት ፎርድ ለናፍጣ ሞተሩ የሚመክረው አይደለም። የአምራቹ መለኪያ ከሁሉ ይበልጣል ያልኩት ለዚህ ነው።

ቆላና ደጋ በአንድ መንገድ

ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ነው። መኪናው ከ2,300 ሜትር ከፍታ፣ ከቀዝቃዛ ጠዋት ይነሳል፤ በአዳማና በመተሃራ አድርጎ አዋሽን ይሻገራል፤ ገዋኔን፣ ሚሌን፣ ሎጊያን፣ ሰመራን አልፎ በጋላፊ ይወጣል። በበጋችን ሳይሆን በክረምታችን ወራት የአፋርና የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ዘይቱ ሁለቱንም መቻል አለበት።

ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር የብርዱ ነው። የ15ደብሊው ዘይት ሞተር የማስነሳት ፈተና የሚካሄደው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ ቢወርድ እንኳ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ አይደለም። ስለዚህ 5ደብሊው ለኢትዮጵያ ብርድ ተብሎ ተጨማሪ ገንዘብ የሚወጣበት ነገር አይደለም፤ ደብተሩ ካዘዘው ብቻ ይግዙት። ከደብሊው በኋላ ያለው ቁጥር የሙቀቱ ነው። ዘይቱ 100 ዲግሪ ላይ ሲለካ 40 የሚባለው ከ12.5 እስከ 16.3 ሴንቲስቶክ፣ 30 የሚባለው ከ9.3 እስከ 12.5 ሴንቲስቶክ ውፍረት አለው። ደብተርዎ 10ደብሊው-30ን እና 15ደብሊው-40ን ሁለቱንም ከፈቀደ አጠገቡ ያለውን የአየር ሙቀት ሰንጠረዥ ያንብቡ፤ በቆላ መስመር ለሚሠራ መኪና 40 የሚለውን ይምረጡ። ይህ የእኔ ምክር ነው፤ ደብተሩ 30ን ብቻ የሚል ከሆነ ግን የደብተሩ ቃል ይበልጣል።

«ይሞቃልና ወፈር ያለ ልጨምርበት» ብለው 20ደብሊው-50 ወይም ነጠላ 50 የሚሞሉ አሉ። የዛሬ ሞተር የዘይት መንገዶቹ ጠባብ ናቸው፤ የተርቦው ዘንግ በደቂቃ ከመቶ ሺህ በላይ ሊዞር ይችላል። ወፍራም ዘይት ጠዋት እዚያ እስኪደርስ የሚያልፉት ሰከንዶች ተርቦውን ይጎዱታል።

አዲስ ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም

ይህ ክፍል ከሌሎቹ ረዘም የሚለው እዚህ ላይ ብዙ ሰው በቅንነት ስለሚሳሳት ነው። «ምርጡን፣ የመጨረሻውን ስጠኝ» ብሎ መግዛት ለመኪና ከመቆርቆር የሚመጣ ነው፤ ውጤቱ ግን እንደ ሞተሩና እንደ ናፍጣው ይለያያል።

ናፍጣ ውስጥ ያለ ድኝ ሲቃጠል ከውሃ ተን ጋር ተዋህዶ አሲድ ይፈጥራል። አሲዱ በፒስተኑ ጎን ወደ ኮፓ ይወርዳል፤ ካልተያዘ ብሮንዚንና ፋሻ ይበላል። የሞተር ዘይት ይህን አሲድ የሚያመክን ክምችት ይዞ ነው ከፋብሪካ የሚወጣው፤ መጠኑ ቲቢኤን ይባላል። መኪናው በሮጠ ቁጥር ክምችቱ ይመናመናል፤ ናፍጣው ብዙ ድኝ ካለው ቶሎ ያልቃል።

በሌላ በኩል የጥላሸት ማጣሪያ ያላቸው አዳዲስ ሞተሮች አሉ። ማጣሪያው የያዘውን ጥላሸት በሙቀት ያቃጥለዋል፤ ከዘይቱ ቅመሞች የሚመጣው አመድ ግን ስለማይቃጠል እዚያው ተከማችቶ ይደፍነዋል። ለእነዚህ ሞተሮች ሲባል ሲጄ-4 እና ሲኬ-4 ላይ የአመዱ መጠን ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ ተደረገ። አመዱን የሚያመጡት ቅመሞች ግን በአብዛኛው አሲዱን የሚያመክኑት ራሳቸው ናቸው። አመድ ሲቀነስ የአሲድ መከላከያውም የመቀነስ ዝንባሌ አለው። በአውሮፓው ደረጃ ይህ በቁጥር ይታያል፦ ኢ4 ቢያንስ 12፣ ኢ7 ቢያንስ 9 ቲቢኤን እንዲኖረው ይጠየቃል፤ ማጣሪያ ላላቸው ሞተሮች የተሠሩት ኢ6 እና ኢ9 ግን 7 ይበቃቸዋል።

ስለዚህ መኪናዎ ዩሮ 2 ወይም ዩሮ 3 ከሆነ፣ ማጣሪያ ከሌለው፣ ደብተሩም ሲአይ-4 ወይም ኢ7 ካለ፣ እዚያው ላይ ይቁሙ። ወደ ሲኬ-4 ከፍ ማለት በደረጃው ሕግ ስህተት ባይሆንም ተጨማሪ ገንዘብ አውጥተው ያነሰ የአሲድ መከላከያ ሊገዙ ይችላሉ። መኪናዎ ማጣሪያ ካለው ደግሞ በተቃራኒው ነው። ደብተሩ ሲጄ-4፣ ሲኬ-4፣ ኢ6 ወይም ኢ9 ካለ ከዚያ ዝቅ አይበሉ። በሲአይ-4 ምክንያት የተደፈነ ማጣሪያ በዋስትና ይቀየርልኝ ማለት አይቻልም፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ሁለቱም ዓይነት መኪና ያላቸው ድርጅቶች በመጋዘን ሁለቱን ዘይት ለይተው፣ በርሜሉን በቀለም ለይተው ያስቀምጡ።

ብዙ አምራቾች የመቀየሪያውን ኪሎ ሜትር ከናፍጣው ድኝ ጋር አያይዘው ይሰጣሉ፤ ድኙ ከተወሰነ መጠን ካለፈ ኪሎ ሜትሩን በግማሽ የሚቀንሱም አሉ። የናፍጣዎን የድኝ መጠን የሚገልጽ ሰነድ በእጅዎ ከሌለ አጭሩን ኪሎ ሜትር ይውሰዱ።

ሲገዙ

በኢትዮጵያ እንደ ቶታልኢነርጂስ፣ ኖክና ኦላ ኢነርጂ ያሉ ኩባንያዎች ከማደያዎቻቸው ጋር ዘይትም ይሸጣሉ፤ የሌሎች ዓለም አቀፍ ምርቶች ወኪሎችም አሉ። ከእነዚህ ወይም ከታወቀ ወኪል መግዛት ከገበያ መካከል ከመግዛት ጥቂት ይወደዳል፤ ለዋስትና የሚያስፈልገውን የቫት ደረሰኝ የሚያገኙት ግን እዚያ ነው። ደረሰኙ ላይ የዘይቱ ሙሉ ስም፣ የውፍረት ቁጥሩና የሊትሩ መጠን ይጻፍ። «ዘይት፣ 2 ጄሪካን» የሚል ደረሰኝ ለምንም አይጠቅምም። የሰሌዳ ቁጥሩንም ያስጽፉ።

ጣሳውን ይፈትሹ። የክዳኑ ቀለበት ያልተሰበረ፣ ከክዳኑ ሥር ያለው ሽፋን ያልተነካ፣ የምርት ቁጥሩና ቀኑ በጉልህ የታተመና በጣት ሲፋቅ የማይለቅ መሆን አለበት። በአንድ ካርቶን ውስጥ ያሉ ጣሳዎች የምርት ቁጥራቸው የተዘበራረቀ ከሆነ ይጠይቁ። ዋጋው ከወኪሉ ዋጋ በብዙ የሚያንስ ከሆነ ምክንያት አለው። ሐሰተኛ ዘይት የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ በእውነተኛው ባዶ ጣሳ ተሞልቶ ነው። ስለዚህ የጨረሱትን ጄሪካን ለቆራሌው ከመስጠትዎ በፊት ይብሱት ወይም ይቅደዱት። ይህን ሁሉም ባለ መኪና ቢያደርገው የሐሰተኛ ዘይት ነጋዴው መያዣ ያጣል።

በበርሜል የሚገዙ ከሆነ አቀማመጡን ልብ ይበሉ። ደጅ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ በርሜል ቀን በፀሐይ ሲሞቅ አየር ያስወጣል፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ክዳኑ ላይ የተኛ የዝናብ ውሃ ካለ አብሮ ይገባል። ጣሪያ ሥር ያስቀምጡት፤ ካልተቻለ ሁለቱ ክዳኖች ግራና ቀኝ በአንድ አግድም መስመር እንዲውሉ አድርገው ያጋድሙት።

የዘይት ፊልትሮውንም ከዘይቱ እኩል ይቁጠሩት። ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ ውስጥ የሚመሳሰሉ ፊልትሮዎች ሞልተዋል፤ ውስጣቸው ያለው ወረቀትና ማለፊያ ቫልቭ ግን አይመሳሰልም። በዋስትናው ዘመን የአምራቹን ወይም አምራቹ በቁጥር የጠቀሰውን ይጠቀሙ። ኃይል ይጨምራል፣ ጭስ ይቀንሳል፣ ሞተር ያድሳል ተብሎ ዘይት ውስጥ የሚጨመር ፈሳሽ ደግሞ ፈጽሞ አይግባ። አምራቾች በደብተራቸው በአብዛኛው የሚከለክሉት ነው፤ በላቦራቶሪ ምርመራም ይታያል።

መቼ ይቀየር?

ደብተሩ ሁለት ዓምድ አለው፤ የመደበኛ ሥራና የከባድ ሥራ። የጅቡቲ መስመር አስፋልት ስለሆነ መደበኛ ነው ብለው የሚያስቡ አሉ፤ አይደለም። ሙቀት፣ አቧራ፣ ተሳቢ መጎተት፣ ረጅም ዳገት፣ ሞተር ሳይጠፋ ወረፋ መጠበቅ፣ እነዚህ በአብዛኛው ደብተር የከባድ ሥራ መግለጫዎች ናቸው። በከባዱ ዓምድ ይሂዱ።

ወረፋው በተለይ ይታሰብበት። ወደብ ላይ፣ ጉምሩክ ላይ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ በር ላይ ለኤሲው ሲባል ሞተሩ ሲሠራ ይውላል። የኪሎ ሜትሩ ቆጣሪ ቆሟል፤ ዘይቱ ግን እያረጀ ነው። አንድ ሰዓት ቆሞ መሥራትን እንደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ የሚቆጥሩ አምራቾች አሉ። መኪናዎ የሞተር ሰዓት ቆጣሪ ካለው ቁጥሩን በየሰርቪሱ ከኪሎ ሜትሩ ጎን ይጻፉት።

ዘይቱ ጠቆረ ብለው አይደንግጡ። የናፍጣ ሞተር ዘይት ገና በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ይጠቁራል፤ ጥላሸቱን አንጠልጥሎ መያዝ ሥራው ነው። ሊያሳስብዎ የሚገባው ሌላ ነው። በመለኪያው ዘንግ ላይ መጠኑ ሳይጨመርበት ከፍ ካለ ናፍጣ ወይም ውሃ እየገባ ነው። ማኪያቶ መስሎ ከነጣ ውሃ ነው። ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ኢንጀክተሩን ይጠርጥሩ። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱን ካዩ መኪናውን አቁመው ለሻጩ ያሳውቁ፤ ብዙ ጊዜ በዋስትና የሚሸፈን ጉድለት ነው። ዝም ብለው ከሮጡበት ግን «ምልክቱን እያየ ነዳው» ተብሎ ዋስትናው ይቀራል።

መንገድ ላይ የሚጨመረው ዘይት

«ጋሼ፣ ዘይት ጎድሏል። እዚህ ሎጊያ ያለው ሌላ ዓይነት ነው። ልጨምር?»

ይህ የስልክ ጥሪ ለብዙ ባለንብረት የታወቀ ነው። መልሱም ብዙ ጊዜ «ጨምርና ቀጥል» ነው፤ ጭነቱ ይጠበቃልና። ጥፋቱ ያለው ከመልሱ ላይ ሳይሆን፣ መኪናው ከግቢ ሲወጣ ዘይት ሳይዝ በመውጣቱ ላይ ነው። ሞተሩ ውስጥ ካለው ዘይት ጋር አንድ ዓይነት የሆነ፣ ያልተከፈተ ጄሪካን ካቢና ውስጥ ወይም መሣሪያ ሣጥን ውስጥ ሁልጊዜ ይኑር። ጉዞው ሲያልቅ የጎደለው ይተካ፣ የተጨመረው ይጻፍ።

ሹፌሩ ሌላ ዘይት ለመጨመር ከተገደደ፣ በዘይት እጦት ከመሮጥ ይሻላል። የኤፒአይ ፈቃድ ያላቸው የሞተር ዘይቶች እርስ በርስ ሲቀላቀሉ እንዳይበላሹ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ ውፍረቱና ደረጃው አንድ ሆኖ ምርቱ ቢለይ ሞተሩ አይጎዳም። ሹፌሩ ጣሳውን ከፊትና ከኋላ በስልኩ ያንሣ፣ ደረሰኝ ይቀበል፣ ኪሎ ሜትሩን ይጻፍ። የተገኘው ከደረጃው በታች ከሆነ እስከሚቀጥለው አስተማማኝ ጋራዥ የሚያደርሰውን ያህል ብቻ ይጨምርና እዚያ ሙሉው ይቀየር። ሹፌሩን በዚህ አይቆጡት። ቁጣን የፈራ ሹፌር በሚቀጥለው ጊዜ ይደብቃል፤ የተደበቀ ሊትር ደግሞ መዝገቡን ሁሉ ያፈርሳል።

የሚጨመረው መጠን ራሱ ይናገራል። በየጉዞው እያደገ ከሄደ በዋስትናው ጊዜ ውስጥ በደብዳቤ ያመልክቱ። በቃል የተነገረ አቤቱታ መዝገብ ላይ የለም።

በአሜሪካ ለምትሠሩ ወገኖች

አሜሪካ ውስጥ የራሳቸውን መኪና እየነዱ የሚሠሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉና ለእነሱ ጥቂት ልበል። «አምራች የእኔን ዘይት ካልተጠቀምክ ዋስትና የለህም ሊል አይችልም» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ሕጉ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የማግነሰን-ሞስ የዋስትና ሕግ ነው። ነገር ግን የሚመለከተው ለግልና ለቤተሰብ አገልግሎት የሚውሉ ዕቃዎችን ነው። ፒክአፕ ይጠቀልላል፤ ለጭነት ሥራ የሚውለውን ትልቁን መኪና ይሸፍነኛል ብላችሁ ግን አትመኩበት። እዚያ የሚገዛችሁ የዋስትናው ውል ነው፤ አንብቡት።

የመለኪያው ጉዳይ ግን ያው ነው። ፍሬይትላይነር ላይ ያለው የዲትሮይት ሞተር ዲኤፍኤስ 93ኬ222 ወይም ለኤፍኤ-4 የተሰጠውን 93ኬ223 ይጠይቃል፤ የቮልቮ ዲ13 ቪዲኤስ-4.5፣ የካሚንስ ሞተር ሲኢኤስ 20086 ይላል። ትራክ ስቶፕ ላይ ዘይት ስታስቀይሩ ወረቀቱ ላይ ይህ ቁጥር እንዲጻፍ ጠይቁ። ሚኒሶታ ለምትኖሩ ደግሞ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የሚደርስ ክረምት አለና፣ ለኢትዮጵያ አያስፈልግም ያልኩት 5ደብሊው-40 ለእናንተ ይገባል፤ መለኪያውን እስካሟላና ደብተሩ እስከፈቀደው ድረስ።

ወረቀቱና ክርክሩ

ለእያንዳንዱ መኪና አንድ ፋይል ይክፈቱ። በየሰርቪሱ ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የሞተር ሰዓቱ፣ የዘይቱ ሙሉ ስምና የምርት ቁጥር፣ ሊትሩ፣ የፊልትሮው ቁጥር፣ የጋራዡ ማኅተም ይግባበት። በሙቀት የሚታተም ደረሰኝ ጽሑፉ በጥቂት ወራት ሊጠፋ ይችላልና በዚያው ቀን በስልክ አንሥተው ያስቀምጡ። ከእያንዳንዱ አዲስ ዘይት ትንሽ ናሙና በንጹሕ ጠርሙስ አሽገው፣ ቀኑን ጽፈው እስከሚቀጥለው ሰርቪስ ያቆዩ። ክርክሩ ዘይቱ ራሱ ሐሰተኛ ነው ወደሚለው ቢሄድ ከዘይት ሻጩ ጋር ለመከራከር የሚያስችልዎ ይህ ጠርሙስ ነው።

ችግር ሲመጣ ሞተሩ በሌላ ጋራዥ እንዳይከፈት። ዋስትና ሰጪው ሳያየው የተፈታ ሞተር ላይ ማንም ኃላፊነት አይወስድም። ኮፓው ከመራገፉ በፊት ከውስጡ ያለው ዘይት በሁለቱም ወገን ፊት በሁለት ጠርሙስ ይቀዳ፣ ይታሸግ፣ ይፈረምበት፤ አንዱ እርስዎ ጋ ይቅር። ሻጩ «የዘይት ችግር ነው» ካለ በምን ምርመራ እንዳወቀው በጽሑፍ ይጠይቁት። በዘይቱ ውስጥ ብረት፣ መዳብና ሲሊኮን ምን ያህል እንደተገኘ፣ ቲቢኤኑ ምን ያህል እንደቀረ የሚናገር የላቦራቶሪ ውጤት አለ። ሲሊኮን ከበዛ ብዙ ጊዜ አቧራ ነው፤ ያኔ ነገሩ ወደ አየር ማጣሪያው ይሄዳል እንጂ ወደ ዘይቱ አይደለም።

ማመልከቻዎን በሁለት ቅጂ ያቅርቡ፤ አንዱ ላይ የተቀበሉበትን ቀንና ማኅተም ያስመቱ። ዋስትናው በጊዜ ወይም በኪሎ ሜትር፣ ቀድሞ በደረሰው ስለሚያልቅ፣ ጥያቄው በጊዜው መቅረቡን የሚያረጋግጥልዎ ያ ማኅተም ነው።